ቆጡን ፎም ስናለብሰው

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት የጭቃ ቤት። ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ ልጆቼ የሚተኙት ቆጥ ላይ ነው። ቀን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ጠዋት ብርድ ልብሳቸው ረጥቦ ሳገኘው ትንሹን ልጅ ጠረጠርኩት። ለካ የቆርቆሮው ላብ ኖሯል! የትንፋሻቸው እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ብርዱንና ሙቀቱን ለመከላከል ጣሪያው ሥር የሚለብሰውን ፎም (ነጩን ቀላል ሰሌዳ) ከመግዛታችሁ በፊት የጣሪያውን ማፍሰስ ጨርሱ። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን ዘግታችሁ ቆጡ ላይ ውጡ። ብርሃን የሚያሾልከውን ሁሉ በጠመኔ አክብቡት። እኔ ሰባት ቆጠርኩ፤ አምስቱ ጎማቸው የደረቀ የቆርቆሮ ሚስማሮች ነበሩ። ሚስማሩን ቀይሩ፤ ትንንሹን ቀዳዳ በጨርቅና በካትራም ድፈኑ። ጣሪያው ላይ ስትወጡ ሚስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው።

ከዚያ ወራጁን፣ ማለትም ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት፣ በካቻቪቴ ውጉት። ዘው ካለላችሁ ምስጥ በልቶታል፤ ሳትቀይሩት ምንም አትጫኑበት።

አሁን ዋናው ነገር። ፎሙ ቆርቆሮውን መንካት የለበትም። መጀመሪያ ያሠራሁት ሰው ጥብቅ አድርጎ አጣበቀልኝ። ላቡ መውጫ አጥቶ በአንድ ክረምት ፎሙን ከታች የሸፈነበት ቺፕውድ አበጠ፣ ሻገተ። አፍርሼ ራሴ ሠራሁት። ከቆርቆሮው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተውኩ። አየሩ ከታች በጣሪያው ጠርዝ ገብቶ ከላይ በጫፉ ይወጣል። መግቢያና መውጫውን በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩት፤ አለበለዚያ አይጥ ፎሙ ውስጥ ትወልዳለች።

የባሕር ዛፍ ወራጅ ጠማማ ስለሆነ እያንዳንዱን ቦታ ለየብቻ ለክታችሁ፣ ፎሙን ትንሽ አትርፋችሁ ቁረጡ። ተጨንቆ ይግባ። ከፎሙ በታች፣ በክፍሉ በኩል፣ ላስቲክ ወጥሩና መጋጠሚያውን በፕላስተር አሽጉ። የልጆቹ ትንፋሽ ሽቅብ እንዳያልፍ ነው።

የመብራት ሽቦ ፎም አይንካ፤ የሽቦውን ልባስ እያደር ያደርቀዋል። በቱቦ አሳልፉት። ፎም እሳት ካገኘው ጭሱ ጥቁር ነው፣ ይገድላል፤ ስለዚህ ገላጣውን አትተዉት። በቺፕውዱ ፋንታ ጂፕሰም ቦርድ አለበስኩት። ይከብዳል፣ ዋጋውም ይቆነጥጣል፤ ግን እሳት ቶሎ አይበላውም።

ቤቱ ከታሸገ በኋላ ታች ከሰል አታንድዱ። ጭስ ባይታይም መርዙ ይሞላል፤ ቆጥ ላይ ያሉትንም ያገኛቸዋል። ባለቤቴ አሁን ቡና የምታፈላው በረንዳ ላይ ነው።

ብርዱና ሙቀቱ በጣም ቀንሷል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የዝናብ ጩኸት ግን ፎም ብዙም አያቆመውም፤ ቀላል ነገር ስለሆነ ድምፅ አይዝም። ጂፕሰሙ ትንሽ አግዟል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ግን ልጆቹን ለእራት የምጠራቸው ቆጡን በመጥረጊያ እንጨት እየመታሁ ነው።