ከታንኳ ጫፍ እስከ «ቡ» ትከሻ፦ በጣና ዳር የፊደል ሐሳብ እንዴት ይለቀማል

የግራፊክስ ባለሙያ ሐሳብ ሲነጥፍበት ስልኩን ያወጣል። ሌሎች የሠሩትን መቶ ምስል ያያል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ መቶ አንደኛውን ይመስላል። ባሕር ዳር ለሚኖር፣ ወይም ለሁለት ቀን ጎራ ለሚል ሰው፣ የተሻለ መንገድ አለ። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ የመቃ ቁራጭና አንድ ብልቃጥ ጥቁር ቀለም ነው።

አንድ ቃል ይዘው ይውጡ

«የሚያምር ነገር ልፈልግ» ብሎ የወጣ ሰው ጀንበር ስትጠልቅ ያነሳትን ፎቶ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ አንድ ቃል ይምረጡ። እዚህ «ቡና»ን ልያዝ፤ ጣና ዳር ካለው ከዘጌ ለሚመጣ ቡና ከረጢት የሚሆን ጽሑፍ እንሠራለን እንበል። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ችግሩ ግን ወዲያው ይታያል። «ቡ» በሁለት እግሩ ተደላድሎ ቆሟል፤ «ና» በአንድ እግሩ ነው፣ በዙሪያውም ባዶ ቦታ ይተርፋል። ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ለዚህ መልስ ፍለጋ ነው።

ታንኳውን አይሳሉት

ማለዳ ዳርቻው ላይ የደንገል ታንኳ አይጠፋም። ባለቤቱን ሰላም ብለው አጠገቡ ይቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ የደንገሉ ነዶ ወገቡ ላይ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣና ቀና ይላል። ማሰሪያው በጠበቀበት ቦታ ሁሉ ነዶው ትንሽ ይሰረጉዳል። ከመሐል የሚወፍር፣ ጫፉ ላይ ሳስቶ የሚነሳ መስመር፤ የሚወሰደው ይኸው ነው። መስመሩን ደብተርዎ ላይ እጅዎ እስኪለምደው ደጋግመው ይሳሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የታንኳውን ምስል ቀድቶ ከቃሉ ጎን ይለጥፋል። ጀበና፣ መስቀል ወይም የጥልፍ ጥለት ያልተለጠፈበት የቡና ከረጢት ካገኙ ለእኔም ያሳዩኝ።

ብራናውን ይዩ

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ዘጌ ይደርሳሉ። እዚያ ያለችው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀች ናት፤ የብራና መጻሕፍትም አሏት። (በሐይቁ ደሴት ላይ ወዳለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ከሴት ባልደረባ ጋር የሚሄዱ ከሆነ አስቀድመው ያስቡበት።) ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ብልጭታውንም ያጥፉት፤ ብራናውን በእጅዎ አይንኩ።

መጽሐፉ ሲገለጥ ዓይን የሚሮጠው ወደ ሐረጉ (የገጹ ጌጥ) እና ወደ ሥዕሉ ነው። ይለፉትና ቁም ጽሕፈቱን፣ ማለትም የእጅ ጽሑፉን ራሱን፣ ይዩ። ቁልቁል የወረደው መስመር ወፍራም፣ አግድም የሄደው ቀጭን ነው። ጸሐፊው አስቀድሞ ጠርዙን በወስፌ ወግቶ ያለ ቀለም አስምሯል፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው የመስመሩ ጭረት ይታያል። ቀይ ቀለም እንደ ልብ አይረጭም፤ ለቅዱሳን ስሞችና ለመሳሰሉት ተለይቶ የተቀመጠ ነው። ለከረጢታችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ጥቁር ዋናው ይሁን፤ ቀዩ አንድ ቦታ ብቻ ይግባ።

መቃውን ይቅረጹ

ከእርሳስ ጥቂት የሚወፍር፣ በደንብ የደረቀ መቃ ወስደው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡት። አንዱን ጫፍ በሰያፍ ይላጩት፤ የውስጡን ለስላሳ ፍቀው ያውጡ፤ መሐሉን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰንጥቁና አፉን በ4 ሚሊ ሜትር ስፋት ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ስንጥቁ ቀለም ያወርዳል። የመጀመሪያው መቃ ይሰበራል፤ ሁለተኛውም ሊሰበር ይችላል።

ሲጽፉ የብዕሩን አፍ ፊደሉ ከሚቆምበት አግድም መስመር ጋር ትይዩ አድርገው ይያዙ። ቁልቁል ሲጎትቱት ሙሉ ስፋቱን ይሰጣል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። በብራናው ላይ ያዩት መልክ ያለ ምንም ጥበብ ወረቀትዎ ላይ ይመጣል። ለፊደሉ ቁመት የብዕሩን ስፋት አምስት እጥፍ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሜትር፣ ይስጡ።

ቃሉን ይሥሩ

በቀጥታ ወደ «ቡ» አይሂዱ። መጀመሪያ ሰባቱን ቤት በተራ ይጻፉ፦ በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ። «ባ» ቀኝ እግሩን፣ «ቦ» ግራ እግሩን ያስረዝማል። «ቡ» ቅጥሉ (ወደ ጎን የምትወጣው ትንሽ መስመር) ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ይወጣል፤ «ቢ» ከእግሩ ግርጌ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቅጥሉ ከፍታ ብቻ ነው! ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ለአንድ ቡና ነጋዴ በሠራሁት ከረጢት ላይ ውበት ፈልጌ ቅጥሉን ዝቅ አደረግሁት፤ ታትሞ ሲመጣ ሰው ሁሉ «ቢና» እያለ ያነበው ጀመር።

አሁን የታንኳውን መስመር ያምጡ። የ«ቡ» ትከሻ፣ ሁለቱን እግሮች ከላይ የሚያገናኘው መስመር፣ መሐሉ ላይ ይወፍር፣ ጫፎቹ ሳስተው በትንሹ ይነሱ፤ የ«ና»ም ራስ ያንኑ ሕግ ይከተል። የ«ቡ»ን ቅጥል ደግሞ ከፍታውን ሳይለቅ ወደ «ና» ረዘም ያድርጉት። በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ባለ አንድ እግሩም ብቻውን የቆመ አይመስልም። ሃያ ጊዜ ይጻፉና ሦስቱን ያስቀሩ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው ከመጨረሻዎቹ ነው፤ እጅ ሲደክም ማስመሰል ይተዋል።

ወደ ኮምፒውተር

ጽሑፉን ስካን አድርገው እንደ ኢንክስኬፕ ባለ ነፃ ፕሮግራም ላይ በእጅዎ ይከተሉት። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲከተለው ካዘዙት በነጥብ ብዛት ያጨናንቀዋል። ከቃሉ ሥር ለሚገባው ዝርዝር ጽሑፍ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ የዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ፎንት ይጠቀሙ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለአንባቢ ያሳዩ

ቃሉን በሁለት መጠን ያትሙ፦ አንዱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው የከረጢት ፊት የሚሞላ። ገበያ ወርደው ቡና ከሚሸጡ እናቶች አንዷ ጋ ይሂዱ። ትንሹን ከሦስት ሜትር ርቀት ያሳዩዋቸውና ምንም ፍንጭ ሳይሰጡ «እናቴ፣ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁ። «ቢና» ካሉዎት አመስግነው፣ ሩብ ኪሎ ገዝተው ይመለሱና ቅጥሉን ከፍ ያድርጉት።