ኮርድ ስንይዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ጊታር ስነካካ አንድ ልጅ ጠጋ አለና «ሆድ ያባባል፣ ማይነር ነው አይደል?» አለኝ። የያዝኩት ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚሰሙት ድምፆች፣ ሜጀር ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ሜጀርን ደስታ፣ ማይነርን ሐዘን ብሎ መደምደም። ሲ፣ ኢ፣ ጂ ሜጀር ነው። ኢን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጓት ማይነር ይሆናል። ቀለሙ ይቀየራል፣ ስሜቱን ግን ዜማው፣ ምቱና ፍጥነቱ አብረው ይወስኑታል። ሜጀር ትዝታን ቀስ ብላችሁ ተጫወቱት፤ ማን ይስቃል? ማይነርም ፈጣን ከበሮ ካገኘ እስክስታ ያስወርዳል።

ሁለተኛው እኔን ያዋረደኝ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ሰርግ ላይ፣ አዝማሪው በማሲንቆ የአምባሰልን ቅኝት ሲጀምር ኪቦርዴ ላይ ሲ ሜጀር ያዝኩለት። ዞር ብሎ አየኝ። ወደ ማይነር ቀየርኩ። አሁንም አየኝ። አዝማሪ ደግሞ መቼ ዝም ይላል? በግጥም ወጋ አደረገኝ፣ ሰርገኛው ሳቀ። ወርቁ የገባኝ ማታ ቤቴ ስገባ ነው።

ከሲ የሚነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ዲ)፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ኢም ኢ ፍላትም የለበትም። ሜጀርንና ማይነርን የሚለየው ድምፅ ከነጭራሹ ከሌለ ሁለቱም ባዕድ ይሆናሉ። ስለዚህ ሲና ጂን ብቻ ያዙ። መሙላት ካማራችሁ ኤፍ ማይነር ወይም ዲ ፍላት ሜጀር አለ፤ ድምፆቻቸው በሙሉ ከቅኝቱ ናቸው። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ግን ሲና ጂም አያዋጣም፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ጂ ፍላት ነው። ኤፍ ሜጀር ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ዲሚኒሽድ ወይም ሰቨንዝ የሚባሉትን ኮርዶች አንጠልጥሎ መተው። ዲሚኒሽድ ጭንቅ አለበት፤ ጂ ሰቨንዝም ወደ ሲ ልሂድ ልሂድ ይላል። ሆን ብላችሁ ካልሆነ አድርሱት።

ሌላው ኪቦርድ ላይ የግራ እጅ ጉዳይ ነው። ታች በወፍራሙ በኩል ሦስት ድምፅ አጠጋግታችሁ ስትይዙ እንደ ክረምት ጣና ይደፈርሳል። እዚያ ቤዙ ብቻውን ይበቃዋል፤ ሌላውን ወደ መሃል አውጡት።

ሰስ ፎር የሚባለውን ኮርድ መርሳትም አለ። ከሲ ስንቆጥር ሦስተኛውን ድምፅ፣ ኢን፣ አውጥቶ አራተኛውን፣ ኤፍን፣ ያስገባል፤ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ። ደስታም ሐዘንም አይደለም፣ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ሦስቱም ድምፆች አምባሰል ውስጥ አሉ። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ አዝማሪው ሌላ የሚወጋው ሰው ይፈልግ ነበር።