የጤና መድን ሕግ ሲለወጥ በአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ የመራጩ ቁጥር እንዴት እንደሚነካ ለመገመት የሚረዳ መመሪያ

በዩናይትድ ስቴትስ የፕሬዚዳንቱ ዘመነ ሥልጣን ሲጋመስ በሚካሄደው ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ «ማን ወጣ፣ ማን ቀረ» የሚለው ጥያቄ «ማን ሐሳቡን ቀየረ» ከሚለው ባላነሰ ውጤቱን ይወስናል። የጤና መድን ሕግ መውጣት፣ መስፋፋት ወይም መሻር በዚህ ቁጥር ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለመመዘን ለሚፈልግ አንባቢ ቀጥሎ ያለው አካሄድ ይጠቅማል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመው የተሳትፎን መጠን ከድምፅ ድርሻ ይለዩ፤ አንድ ፓርቲ ብዙ መቀመጫ ማግኘቱ ብዙ ሰው ለመውጣቱ ማስረጃ አይደለም። ተሳትፎውንም ሲያሰሉ ድምፅ የሰጡትን ለመምረጥ ብቁ በሆኑት ዜጎች ቁጥር ያካፍሉ። ለተመዘገቡት ብቻ ካካፈሉት መቶኛው ያለ አግባብ ያብጣል፤ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችን ከጨመሩበት ደግሞ ይኮሰምናል። በዚህ ስሌት የ2014ቱ ተሳትፎ 37 ከመቶ ገደማ ሆኖ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ዝቅተኛው ሲሆን፣ የ2018ቱ 50 ከመቶ ገደማ ደርሶ ከ1914 ወዲህ ከፍተኛው ነበር።

ቀጥሎ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ፣ የሕጉ ድንጋጌዎች ሥራ ላይ የሚውሉባቸውን ቀኖች ከምርጫው ቀን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ያወጡት የጤና መድን ሕግ፣ ኦባማኬር፣ የተፈረመው በማርች 23 ቀን 2010 ሲሆን፣ ዋና ዋና ጥቅሞቹ፣ ማለትም በድጎማ መድን የሚገዛበት ገበያና የሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን) መስፋፋት፣ የጀመሩት ግን በጃንዋሪ 2014 ነው። በመካከሉ የኖቬምበር 2010 ምርጫ ሲደርስ፣ ልጅን እስከ 26 ዓመቱ በወላጅ መድን ማቆየትን ከመሰሉ ጥቂት ነገሮች በቀር፣ ሕጉ ለተጠቃሚው ላም አለኝ በሰማይ ነበር። የፈሩትና የተቃወሙት በአንጻሩ ተደራጅተው ወጡ፤ ዲሞክራቶችም በተወካዮች ምክር ቤት 63 መቀመጫ አጡ። ከስምንት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በሜይ 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የሕጉን ዋና ክፍሎች የሚሽረውን ረቂቅ 217 ለ213 አሳለፈ፤ በጁላይ 28 ደግሞ የሪፐብሊካን ሴናተሮቹ ጆን ማኬይን፣ ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርከውስኪ ሕጉን ለመሻር ከተነሣው ፓርቲያቸው ተለይተው ድምፅ በመስጠታቸው የሴኔቱ ረቂቅ 51 ለ49 ወደቀ። በ2018 ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት መራጮች ከአሥሩ አራቱ ያህል ዋናው ጉዳያቸው ጤና መሆኑን ተናገሩ። በእርግጥ በዚያ ዓመት ብዙዎችን ያስወጣው በፕሬዚዳንት ትራምፕ ላይ የነበረው ድጋፍና ቁጣም ስለሆነ፣ ጭማሪውን ሁሉ ለጤና ሕጉ ማስቆጠር አይገባም። ሆኖም ገና ያልመጣ ጥቅም በእጅ ያለን ነገር የመነጠቅ ሥጋትን ያህል ሰው እንደማያንቀሳቅስ ሁለቱን ምርጫዎች አስተያይቶ መገንዘብ ይቻላል።

መድን ማግኘቱ በራሱ ሰውን ወደ ምርጫ ይወስደው እንደሆነ ለመፈተን ከኦሪገን የተሻለ ምሳሌ የለም። ክፍለ ግዛቱ በ2008 የነበረው የሜዲኬይድ ቦታ ለአመልካቹ ሁሉ ስላልበቃ በዕጣ አደለ። ኢኮኖሚስቶቹ ካትሪን ቤከርና ኤሚ ፊንከልስታይን የዕጣውን ዝርዝር ከመራጮች መዝገብ ጋር አመሳክረው፣ መድኑ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ተሳትፎን በ7 ከመቶ ገደማ ከፍ እንዳደረገና በ2010 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ግን ይህ ውጤት እንዳልታየ አገኙ። ስለዚህ አንድ ሕግ ከወጣ ዓመታት ካለፉ፣ ተጠቃሚዎቹ በምስጋና ይወጣሉ ብለው አይገምቱ።

ሕጉ ተሳትፎን የሚነካበት ሌላው፣ ብዙ ተንታኝ የሚዘለው መንገድ የምዝገባ ቅጹ ነው። በ1993 በወጣው የመራጮች ምዝገባ ሕግ መሠረት ሜዲኬይድ የሚሰጡ ቢሮዎች አመልካቹን አሁን በሚኖርበት አድራሻ ለመምረጥ ዛሬ መመዝገብ ይፈልግ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ አለባቸው፤ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ፣ ሁለቱንም ባዶ የተወ ሰው እንዳልፈለገ ይቆጠራል። ሜዲኬይድ ሲሰፋ ይህን ጥያቄ የሚያየው ሰው ይበዛል፣ ሲጠብም ይቀንሳል። የማኅበረሰባችንን አባላት ቅጽ የምታስሞሉ ሁሉ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው «አዎ» ብሎ ቢፈርም ዜጋ ነኝ ብሎ እንደ ዋሸ ተቆጥሮ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል።

የሜዲኬይድ መስፋፋት ራሱ በሕዝበ ውሳኔ የቀረበባቸውን ክፍለ ግዛቶች ሲመረምሩ፣ ጥያቄው ካልቀረበበት ጎረቤት ጋር ያወዳድሩ። በ2018 አይዳሆ፣ ዩታና ነብራስካ ሲወስኑ፣ ሦስቱንም የምታዋስነው ዋዮሚንግ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበራትም።

ለኖቬምበር 3 ቀን 2026 ምርጫ ይህንኑ ይሞክሩት። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ በሜዲኬይድ ላይ የጣለው በወር የ80 ሰዓት ሥራ ግዴታ የሚጸናበት የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ነው፤ ከድምፅ መስጫው ሁለት ወር በኋላ መዋሉ በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ግሪን ካርድ ገና ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከሜዲኬይድ የሚያስወጣው አንቀጽ ግን የሚጸናው በኦክቶበር 1 ቀን 2026፣ ከምርጫው በፊት ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ባይመርጡም ዜግነት ያገኙ ልጆቻቸውና ወንድም እኅቶቻቸው ይመርጣሉና፣ ኢትዮጵያውያን በሚበዙባቸው ሠፈሮች ግምት ሲሠሩ ቤተሰቡን በሙሉ ይቁጠሩ። በፖስታ የተላኩ ድምፆች በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ለሳምንታት ስለሚቆጠሩ፣ በምርጫው ሌሊት የሚነገረውን መቶኛ ትተው የጸደቀውን ቁጥር ይጠብቁ።