የልብ ህመም ያለበት ሰው የፍሉ ክትባት እንዴት ይውሰድ?

ፍሉን እንደ ተራ ጉንፋን አትዩት፣ በተለይ ቤት ውስጥ ልብ፣ ግፊት ወይ ስኳር ያለበት ሰው ካለ። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ ደም ስሮች ይቆጣሉ፣ ደም ቶሎ ይረጋል፣ ትኩሳቱ ልብን ያስሮጣታል፣ በዚህ መሀል ደም ስር ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ የተቀመጠ ስብ ከተሰነጠቀ ሃርት አታክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት ፍሉ በላብራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ሃርት አታክ የመምጣት ዕድሉ ወደ 6 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል።

"ልቤን ስላመመኝ ክትባት ይከብደኛል" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ግን ተቃራኒው ነው። በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት 2,500 ገደማ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ገና ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ፣ ግማሾቹ እዛው ፍሉ ተከተቡ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው መርፌ ተወጉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተከተቡት 2.9 በመቶ ሲሞቱ ካልተከተቡት 4.9 በመቶ ሞቱ።

እና እንዴት ይወሰድ? የፍሉ ወቅት ሳይገባ ተከተቡ፣ ምክንያቱም ክትባቱ እስኪሰራ 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ቫይረሱ መልኩን ስለሚቀያይር በየዓመቱ ነው፣ አምና ተከትቤያለሁ አይሰራም። በአፍንጫ የሚነፋው ሳይሆን በመርፌ የሚሰጠው ይሁን፣ 65 ዓመት ካለፋችሁ ደግሞ ከፍ ያለ ዶዝ ያለው መኖሩን ጠይቁ። ከዚህ በፊት ክትባት ከባድ አለርጂ አስነስቶባችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ የዛን ቀን ከባድ ትኩሳት ካለም እስኪሻላችሁ ይቆይ።

ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ዋርፋሪን ምናምን፣ ለነርሷ ሳትወጋችሁ በፊት ንገሯት፣ ቀጭን መርፌ ትመርጣለች። አባቴ ሲከተብ ጥጡን ወዲያው አንስቶ ክንዱን ማሸት ጀመረ፣ ማታ ቦታው በልዞ አገኘነው፣ አሁን እኔ ራሴ ሰዓት እያየሁ ቢያንስ 2 ደቂቃ ጠበቅ አድርጌ እይዝለታለሁ፣ ማሸት የለም። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ!

ክንድ ቢያም፣ ትንሽ ቢያተኩስ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፣ በመርፌ የሚሰጠው ህይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለው ፍሉ አያስይዝም።

ተከትባችሁም ከያዛችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። የተዘጋ አፍንጫ የሚከፍቱ ክኒኖችንና አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳትጠይቁ አትውሰዱ፣ ግፊት ይጨምራሉ። ደረት ከጨመቀ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ "ፍሉው ነው ያልፋል" ብላችሁ እንዳትተኙ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።