ከጎንደር ዋሽንግተን፦ የአየር ርቀቱና ሰዓቱ እንዴት ይሰላል?

መጀመሪያ የመኪናውን መንገድ ይርሱት። ጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አውሮፕላን ግን ዓባይ በረሃ አይወርድም። ለአጭር ርቀት አንድ ዲግሪን 111 ኪሎ ሜትር አድርጎ መያዝ ይበቃል። አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ኬክሮሱ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ዲግሪ) 12.52፣ ኬንትሮሱ (ወደ ምሥራቅ ያለው ዲግሪ) 37.43 ነው፤ የቦሌ 8.98 እና 38.80። የኬክሮሱ ልዩነት 3.54 በ111 ሲባዛ 393 ይመጣል። የኬንትሮሱ 1.37 በ111፣ ከዚያም በ0.98 (በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን) ሲባዛ 149። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተው ይደምሩና ስኩዌር ሩት ያውጡ፦ 420 ኪሎ ሜትር።

ለዋሽንግተን ይህ አይሠራም፣ ምድር ክብ ናት። የዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ ነው። የቦሌንና የደለስን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ። ለብቻው ደግሞ የሁለቱን ኮሳይንና የኬንትሮስ ልዩነቱን ኮሳይን ያባዙ። የሁለቱን ውጤቶች ድምር በካልኩሌተሩ cos⁻¹ ወደ ማዕዘን መልሰው በ111.2 ያባዙት። ከቦሌ 104 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ምዕራብ ኔጌቲቭ መሆኑን የረሳ 5,000 ገደማ ያገኛል፤ ካልኩሌተሩ በራዲያን ከሆነማ መልሱ ጭራሽ ትርጉም የለውም።

ከአዘዞ በቀጥታ ቢሆን 11,180 ነበር። በአዲስ አበባ ሲዞሩ 11,980 ይሆናል፤ ወደ ደቡብ መመለሱ 800 ኪሎ ሜትር ያስከፍላል።

ለሰዓቱ ከቦሌ ያለውን ርቀት ለ900 (ለአውሮፕላኑ የሰዓት ፍጥነት በኪሎ ሜትር) አካፍለው ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ፦ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። የጎንደሩ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ግን ነፋሱ ከፊት ነው። ቦሌም ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ የመሄጃው በረራ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል፣ የመመለሻው ሳያርፍ ይመጣል።

ሰው የሚሳሳተው ግን ትኬቱ ላይ ነው። የሚጻፈው ሰዓት የየአየር ማረፊያው የራሱ ነው። ከቦሌ በ22:30 ተነስቶ ዋሽንግተን በማግስቱ 07:30 የሚደርስ በረራ 9 ሰዓት ይመስላል፤ በአሜሪካ ክረምት (በብርዱ ወራት) 8፣ በበጋቸው (በሙቀቱ ወራት) 7 ይደምሩበት፣ 17 ወይም 16 ሰዓት ነው። ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመመለስ 6 ይቀንሱ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀንሱ፦ 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው።

ቀኑም የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንጂ ሲነጋ አይደለም። "እሑድ 00:30" የሚል ትኬት ቅዳሜ ማታ ቦሌ መገኘት ማለት ነው። እሑድ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

የጎንደሩንና የዋሽንግተኑን በረራ በአንድ ትኬት ይግዙ። ለየብቻ ከተገዙ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም። የግድ ለየብቻ ከሆነ በመካከል ቢያንስ 5 ሰዓት ይተዉ፤ በክረምት ዝናብ ጊዜ ደግሞ በዋዜማው አዲስ አበባ ማደሩ ይሻላል።