በልቦለድ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የሚታመን ጥምረት አጻጻፍ

የፈጠራ የእርስ በርስ ጦርነት ስትጽፉ አንባቢ ከውጊያው ይልቅ ቶሎ የሚጠራጠረው ጥምረቱን ነው። ትናንት ሲተላለቁ የነበሩ ሁለት ወገኖች «የጋራ ጠላት አለን» ብለው ሲተቃቀፉ፣ በተለይ የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳርን ጦርነት ደሴ ሆኖ ያሳለፈ አንባቢ አይቀበላችሁም። የጋራ ጠላት ያገናኛል እንጂ አያሰነብትም።

መጀመሪያ ወገኖቹን ከሦስት እስከ አምስት አድርጉ፤ ከዚያ ካለፈ አንባቢ ስም ሲምታታበት ይውላል። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደያዘ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ምን ቢሰጡት እንኳ እንደማይለቅ ጻፉ። የሁለቱ «አልለቅም» አንድ ቦታ ላይ ካረፈ ጥምረቱ ከድል ማግስት ይፈርሳል። ፍንጩን ውሉ በሚታሰርበት ምዕራፍ ውስጥ ጣል አድርጉት።

ከዚያ ካርታ። የወሎን ሁለት ከተሞች ለምሳሌ ውሰዱ፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው በሐረጎ የሚጠማዘዘው ቁልቁለት አለ። ደሴን የያዘ ከፍታውን ይዟል። ኮምቦልቻን የያዘ ደግሞ የባቲና የሚሌን መንገድ፣ ደረቅ ወደቡንና አውሮፕላን ማረፊያውን ይዟል። ስለዚህ የላይኛው ከታችኛው ጋር የሚታረቀው ስንቅ ሲያልቅበት ነው። ስንቁን አስሉት፦ ለአንድ ተዋጊ በቀን 600 ግራም እህል ብትይዙ 2,000 ሰው በቀን 12 ኩንታል፣ በወር 360 ኩንታል ይበላል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን ስምንት ጭነት ይሆናል። እህሉን ማን እንደሚያመጣ ስታውቁ እውነተኛው አጋር ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጋብቻን እንደ ማሰሪያ ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ነበር። ልጃቸው ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዙፋኑን የያዙት የሸዋረጋ እኅት ዘውዲቱ ናቸው። ሚካኤል ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ዝምድናው ጦርነቱን አላስቀረም፤ እንዲያውም የጠቡ ምክንያት ከጋብቻው የተወለደው ወራሽ ሆነ። በልቦለዳችሁም የሚወለደው ልጅ ማንን እንደሚወርስ፣ ማን እንደሚከፋ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ጥምረት የሚፈተነው ኬላ ላይ ነው። ሐረጎ ላይ አንድ ገመድ፣ ከሁለት ወገን የመጡ ሁለት ታጣቂዎች አቁሙ። ሾፌሩ የአንደኛው ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ያሳያል፤ ሌላኛው «ይሄን አላውቀውም፣ ጭነቱን አውርድ» ይላል። ቀረጡን ማን ይሰበስባል? ገመዱን ማን ያወርዳል? ይህ አንድ ገጽ ከአሥር ገጽ የመሪዎች ስብሰባ ይበልጣል።

ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው መሪው በአንድ ሌሊት አቋሙን ሲቀይርና ሠራዊቱ በሙሉ እሺ ሲል ነው። ቢያንስ አንድ እምቢ የሚል አዛዥ ይኑር፤ ምክንያቱም የግል ይሁን፣ ለምሳሌ ወንድሙን የገደለው የዛሬው አጋር ቢሆንስ? ለወገኖቹ ደግሞ ዛሬ ያሉትን ፓርቲዎችና ብሔሮች ስም አትስጡ። ከሰጣችሁ አንባቢው የናንተን ጽሑፍ ትቶ የራሱን ቁስል ያነባል።