በመንግሥት የሚደገፍ የቤት ብድር ኩባንያ ከተልዕኮው ሲወጣ እንዴት ይመረመራል? የፋኒ ሜይና የፍሬዲ ማክ ጉዳይ

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤት የገዛ ወገናችን የብድር ውሉን ከፋይሉ አውጥቶ የገጾቹን ግርጌ ቢመለከት፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የፋኒ ሜይና የፍሬዲ ማክ ስም ሊያገኝ ይችላል። ገንዘቡን ያበደረው ባንክ ወይም ሌላ አበዳሪ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውን የሚሰበስበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ድርጅት ነው፤ የውሉን ቅጽ ያወጡት ግን እነዚህ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው። ስማቸው በቅጹ ላይ መኖሩ ብቻውን ብድሩን ገዝተውታል ለማለት አያበቃም። ይህንን ለማረጋገጥ ሁለቱም በድረ ገጻቸው ላይ ተበዳሪው ስሙንና አድራሻውን አስገብቶ የሚያጣራበት ቦታ አላቸው።

ይህን ያህል ወደ ቤታችን የገቡ ኩባንያዎች አዲስ የሥራ መስክ እንክፈት ብለው ሲጠይቁ ጥያቄያቸው በምን ሚዛን መመዘን እንዳለበት፣ ተቆጣጣሪው ምን ማድረግ እንደሚገባውና ዜጋው ሐሳቡን በምን መንገድ ማቅረብ እንደሚችል ለማሳየት ይህ መመሪያ ተጽፏል። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማቋቋሚያ ሕጉን ማንበብ

ፋኒ ሜይ በ1938 በመንግሥት ተቋቁሞ በ1968 ወደ ባለአክሲዮኖች የተዛወረ ኩባንያ ሲሆን፣ ፍሬዲ ማክን ኮንግረስ ያቋቋመው በ1970 ነው። የሁለቱም ሥራ ከአበዳሪዎች የቤት ብድሮችን እየገዙ፣ በአንድ ላይ እየጠቀለሉና ዋስትና እየሰጡ ለኢንቨስተሮች መሸጥ ነው። ለቤት ገዢው በቀጥታ ማበደር አይፈቀድላቸውም። ከቤቱ ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ የሆነ ብድር ሲገዙም እንደ ሞርጌጅ ኢንሹራንስ (ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው የአበዳሪውን ኪሳራ የሚሸፍን መድን) ያለ ተጨማሪ ዋስትና እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የሚገዙት ብድር መጠንም ጣሪያ አለው፤ ለምሳሌ በ2025 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጣሪያው 806,500 ዶላር ነበር።

ስለዚህ አዲስ ሐሳብ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥሩ ሐሳብ ነው ወይ?» የሚል መሆን የለበትም። መቅደም ያለበት «ይህ ሥራ በየትኛው አንቀጽ ተፈቀደ?» የሚለው ነው። ኩባንያው በአዲሱ ሥራ ወደ አበዳሪው፣ ወደ ኢንሹራንስ ሰጪው ወይም ወደ ቤት ገማቹ ድርሻ እየተሻገረ ከሆነ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያው ላይ ቆም ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ድጎማው ወዴት እንደሚሄድ መከተል

እነዚህ ኩባንያዎች ከሌላው ነጋዴ ጋር በእኩል ሜዳ አይወዳደሩም። ከክልልና ከከተማ የገቢ ግብር ነፃ ናቸው፤ ሕጉ ግምጃ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው እስከ 2.25 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕዳ እንዲገዛ ይፈቅዳል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በወረቀት ያልሰፈረው ነው። በሰነዶቻቸው ላይ መንግሥት ዋስ አይደለም ተብሎ ቢጻፍም፣ ገበያው መንግሥት አይጥላቸውም ብሎ ስለሚያምን በርካሽ ይበደራሉ። ያ እምነት በመስከረም 2008 እውነት ሆነ። ሁለቱም በአደራ አስተዳደር ሥር ገቡ፤ ማለትም ተቆጣጣሪያቸው አመራራቸውን ተረከበ፤ ግምጃ ቤቱም በየጊዜው ከ190 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰባቸው። ኋላ በትርፍ ድርሻ መልክ ከዚያ የበለጠ ገቢ ማድረጋቸው እውነት ቢሆንም፣ ሸክሙን የተሸከመው ግብር ከፋዩ መሆኑን አይለውጠውም።

ርካሹ ገንዘብ የተፈለገው የቤት ገዢውን ወለድ እንዲያቀልል ነበር። ነገር ግን በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ በርካሽ እየተበደሩ ብድሮችንና የኢንቨስትመንት ሰነዶችን ገዝተው በራሳቸው እጅ ማከማቸቱ ትልቁ የትርፍ ምንጫቸው ሆነ። ፍሬዲ ማክ በዚያው ዘመን የትምባሆ ኩባንያው የፊሊፕ ሞሪስን ቦንድ እስከ መግዛት ደርሶ ነበር። ለቤት ተብሎ የተሰጠ ጥቅም ትምባሆ ቤት ገባ ማለት ነው። እኔ አዲስ ሐሳብ በመጣ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ከርካሹ ገንዘብ ስንቱ ቤት ገዢው ዘንድ ይደርሳል፣ ስንቱስ ለባለአክሲዮንና ለሥራ አስኪያጅ ይቀራል?

ፈቃድ ከሥራው በፊት

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አንድ አገልግሎት አንዴ ከተከፈተ ተጠቃሚው፣ ደላላውና አበዳሪው ሁሉ ጠበቃ ስለሚሆኑለት መልሶ መዝጋት እጅግ ከባድ ነው። ከ2008 በፊት የነበረው ቁጥጥር የተዳከመበት አንዱ ምክንያት ሥልጣኑ መከፋፈሉ ነበር። አዳዲስ ፕሮግራሞችን የሚያየው የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የካፒታላቸውን (ኪሳራ የሚሸፍኑበትን የራሳቸውን ገንዘብ) ብቃት የሚያየው ደግሞ ኦፍሂዮ የተባለው ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ በጀትም በየዓመቱ የኮንግረስን ፈቃድ የሚጠብቅ ስለነበር የኩባንያዎቹ ውትወታ እዚያ ሊደርስ ይችል ነበር። ለብድር ዋስትና የሚፈለገው አነስተኛ ካፒታል ደግሞ 0.45 በመቶ ብቻ ነበር፤ ለ200,000 ዶላር ብድር 900 ዶላር መያዝ ማለት ነው።

ሐምሌ 2008 የወጣው ሕግ ሁለቱን ሥልጣኖች በፌዴራል የቤቶች ፋይናንስ ኤጀንሲ ሥር አንድ አደረገ፤ አዲስ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅበትም ደነገገ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ኩባንያው አዲሱን እንቅስቃሴ ያሳውቃል፤ ኤጀንሲው በ15 ቀን ውስጥ አዲስ አገልግሎት መሆን አለመሆኑን ይወስናል፤ ከሆነ ለ30 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ሕጋዊነቱን፣ የሕዝብ ጥቅሙንና የፋይናንስ ደኅንነቱን መዝኖ ይወስናል። ኤጀንሲው በጊዜው ካልወሰነ ኩባንያው መጀመር ይችላል፤ ስለዚህ ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ኤጀንሲው ከ2008 ጀምሮ የኩባንያዎቹ አደራ አስተዳዳሪም ተቆጣጣሪም በመሆኑ፣ ራሱ የሚያስተዳድረውን ድርጅት ጥያቄ ራሱ ይዳኛል። የውጭ ሰው አስተያየት ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጉዳይ በቅርብ ሲታይ

በሚያዝያ 2024 ፍሬዲ ማክ፣ የመጀመሪያውን ብድር በያዘባቸው ቤቶች ላይ ሁለተኛ ብድሮችን (የመጀመሪያው ሳይነካ ያንኑ ቤት በማስያዝ የሚወሰዱ ተጨማሪ ብድሮችን) ለመግዛት ያቀረበው ጥያቄ ለአስተያየት ወጣ። ጥቅሙን በስሌት እንየው። አንድ ቤተሰብ በ3 በመቶ ወለድ 400,000 ዶላር ዕዳ አለበት እንበል፤ ለልጁ ትምህርትና ለጣሪያ ጥገና 70,000 ዶላር ቢፈልግና ሁሉንም በ7 በመቶ ሪፋይናንስ ቢያደርግ (የድሮውን ብድር በአዲስ ብድር ቢተካ) በመጀመሪያው ዓመት ወደ 32,900 ዶላር ወለድ ይከፍላል። የመጀመሪያውን ሳይነካ 70,000ውን ብቻ በ9 በመቶ በሁለተኛ ብድር ቢወስድ ግን ወለዱ ወደ 18,300 ዶላር ይወርዳል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ መርማሪውም ሊክደው አይገባም።

ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚደርሰው ቤት ላለው ሰው ነው፤ ለመጀመሪያው ቤቱ ቅድመ ክፍያ እያጠራቀመ ላለ ተከራይ የሚያደርገው ነገር የለም። ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ደግሞ ይህንን ብድር ሲሰጡ ኖረዋል። በሌላ በኩል ያው የ2008 ሕግ ኩባንያዎቹ በገጠር፣ በፋብሪካ በተሠሩ ቤቶችና በዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ጥበቃ ላይ እንዲሠሩ ግዴታ ጥሎባቸዋል። እኔ እንደማምነው፣ አስቸጋሪው ግዴታ ሳይሟላ ቀላሉን ገበያ መክፈት ቅደም ተከተልን ማዛባት ነው።

ኤጀንሲው በሰኔ 2024 ጥያቄውን በገደብ ፈቀደ፦ ጠቅላላ ግዢው ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ፣ ሙከራው ለ18 ወር ብቻ እንዲሆን፣ የአንዱ ብድር ጣሪያ 78,277 ዶላር እንዲሆን፣ የመጀመሪያው ብድር ቢያንስ 24 ወር የቆየና ቤቱ የተበዳሪው ዋና መኖሪያ እንዲሆን። ሙከራውን ማስፋት ወይም ቋሚ ማድረግ ቢፈለግ ደግሞ እንደ አዲስ አገልግሎት ተቆጥሮ ዳግም ለሕዝብ እንዲቀርብ ወሰነ። በውሳኔው ባልስማማም የገደቡን አሠራር ለሌላ ጉዳይም የሚያገለግል ናሙና አድርጌ እወስደዋለሁ፤ መጠን፣ ጊዜና የመውጫ በር አለውና።

መውጫ በር ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክም አለ። በ2017 ፋኒ ሜይ ኢንቪቴሽን ሆምስ ለተባለው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን እየገዛ ለሚያከራይ ድርጅት ለተሰጠ የ1 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስትና ሰጠ። ቤት ለመግዛት ከሚንከራተተው ቤተሰብ ጋር የሚሻማው ድርጅት የሕዝብ ድጋፍ አገኘ ማለት ነው። ኤጀንሲው በነሐሴ 2018፣ ትልልቆቹ አከራዮች ያለዚህ ድጋፍ በደንብ እንደሚሠሩ ገልጾ ሙከራውን ዘጋ።

አስተያየቱን መጻፍ

ኤጀንሲው አስተያየት የሚጠይቅበት ማስታወቂያ ፌዴራል ሬጂስተር በተባለው የመንግሥት ጋዜጣና በኤጀንሲው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ማስታወቂያው ራሱ የጠየቃቸውን ጥያቄዎች አውጥቶ በተራ ቁጥራቸው መመለስ ይበጃል። «እቃወማለሁ» ወይም «እደግፋለሁ» ብሎ ብቻ የተላከ ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ከራስ ልምድ የተነሣ ማስረጃ ነው፤ ሁለተኛ ብድር ፈልጎ ስንት አበዳሪ እንዳነጋገሩ፣ ምን ወለድ እንደተጠየቁ፣ በየትኛው ምክንያት እንደተከለከሉ መጻፍ ይገባል። ደብዳቤው ለሕዝብ ስለሚታይ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥርና የብድር ሒሳብ ቁጥር በፍጹም አይግቡበት። መጨረሻ ላይ ፈቃዱ የማይቀር ቢሆን እንኳ ምን ገደብ እንዲደረግ እንደሚፈልጉ በቁጥር ያስቀምጡ፦ እስከ ስንት ዶላር፣ እስከ ስንት ወር፣ ለየትኛው የገቢ ደረጃ፣ ውጤቱስ በየስንት ጊዜው ለሕዝብ ይገለጽ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከታተመበት ዕለት ጀምሮ ስለሆነ የማብቂያውን ቀን ከማስታወቂያው ላይ አይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል።